የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ገዳም ልግባ ብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?»

ሰሞኑን ከወሎ ልዩ ልዩ ቦታዎች የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ይገጥማሉ፤ ሁሉም ልባቸው ውስጥ ስለሚመላለስ መንፈሳዊ ጥሪ ይጠይቃሉ። ስማቸውን አውጥተን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን ስድስቱን መርጠናል።

ከኮምቦልቻ

*«24 ዓመቴ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤ ገዳም ገዳም ይለኛል። ባለፈው መስከረም ግሸን ወጥቼ ከተመለስኩ ወዲህማ ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ ይመጣል። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሥራዬን ለቅቄ ልሂድ ወይ? ሴት ልጅስ የት ነው የምትገባው?»*

እኅታችን፣ አሁን አትልቀቂ። ይህን የምንልሽ ጥሪሽን ተጠራጥረን አይደለም። ሁለት ዓመት የቆየ ሐሳብ ጥቂት ወራት ቢጨመሩበት አይሞትም፤ የሚሞት ከሆነ ደግሞ እዚያ ገብተሽ ሳይሆን እዚህ ሆነሽ ብታውቂው ይሻልሻል።

በግሸን እንጀምር። መስከረም 21 ቀን ያንን መስቀለኛ አምባ ወጥቶ ልቡ ሳይነካ የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው። ሕዝቡ፣ ዝማሬው፣ የመንገዱ ድካም፣ የግማደ መስቀሉ ክብር ሁሉ አንድ ላይ ሰውን ከራሱ ያወጣሉ። ጸጋው እውነት ነው፤ ነገር ግን የንግሥ ቀን የገዳም ኑሮ መለኪያ አይሆንም። የላሊበላም ገና እንዲሁ ነው። ገዳም ማለት ምእመናኑ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ኑሮ ነው። ስለዚህ ያንኑ አምባ ንግሥ በሌለበት ተራ ሳምንት፣ ለምሳሌ በኅዳር ብርድ ወይም በሐምሌ ጭቃ፣ ደግመሽ ውጪ። ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ እንጨት በማን ጀርባ እንደሚመጣ፣ እማሆዮቹ ሲታመሙ ማን እንደሚያስታምማቸው ተመልከቺ። ያን አይተሽም ልብሽ ከቀጠለ፣ አንድ ደረጃ ወጥተሻል።

በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመነኮሱት በዚሁ በግሸን ማርያም፣ በ21 ዓመታቸው ነበር። ከአዲስ አበባ ከትልቅ ቤት የወጡት ወጣት በአምባው ላይ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ የዕድሜያቸውን ማምሻ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም አሳልፈው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የእርሳቸው ሕይወት ሁለት ነገር ያሳይሻል፤ ወጣትነትም ትምህርትም እንቅፋት እንዳልሆኑ፣ የኑሮው ክብደት ደግሞ በእግርሽና በጀርባሽ የምትሸከሚው እውነተኛ ክብደት እንደሆነ።

አሁን ወደ ተግባሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው፤ በ16ኛው ይፈታል። ፈቃድሽን በዚያ ጊዜ ውሰጂና ሱባኤ ግቢ። ሳትጠይቂ አትሂጂ፤ ቀደም ብለሽ በነፍስ አባትሽ በኩል የገዳሙን መጋቢ አስጠይቂ፤ ለሴቶች ማደሪያ አለ ወይ፣ ስንቅ ይዞ ነው ወይስ በማኅበር ይበላል፣ ጸበል ቅርብ ነው ወይ። ጋቢ፣ ሁለት ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ የእጅ ባትሪ፣ ሳሙና፣ ለስንቅ በሶና የሽንብራ ቆሎ ይበቃሻል። ስልክሽን አጥፍተሽ ለእማሆዮቹ አስቀምጪ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ቀናት አትመኛቸው፤ አዲስ ነገር ሁሉ ይጣፍጣል። ከዘጠነኛውና ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ግን ሆድ ባዶ ነው፣ ጉልበት ይዝላል፣ አጠገብሽ የተኛችው ሴት ታንኮራፋለች፣ ጸሎቱ ይረዝማል። የምትፈልጊው መልስ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስትመለሺ ደግሞ ለ40 ቀን ከነፍስ አባትሽ በቀር ለማንም አትንገሪ። ደመወዝሽ ሲገባ፣ ጓደኛሽ ስትዳር፣ እናትሽ ቡና አፍልታ ስትስቅ፣ ያ ጥሪ አለ ወይስ የለም? በደስታ ቀንም የማይለቅ ጥሪ፣ በኀዘን ቀን ብቻ ከሚመጣ ይበልጥ የታመነ ነው።

ይህን ስንል ሳንጠይቅሽ የማናልፈው ነገር አለ። ይህ ሐሳብ የጀመረሽ እጮኛ ከተለየሽ፣ ሰው ከሞተብሽ ወይም በሥራ ከተበደልሽ በኋላ ነው? ከሆነ ጥሪው ሐሰት ነው አንልም፤ ብዙ ቅዱሳንን እግዚአብሔር በኀዘን በር አስገብቷቸዋል። ነገር ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ቢያንስ አንድ ዓመት ጠብቂ። ቁስል ይዞ የገባ ሰው ማኅበሩን ሁሉ ሐኪሜ ሁኑ ይላል፤ እማሆዮቹ ደግሞ የሚፈጩት እህል አላቸው። እንቅልፍ ለቀናት የሚጠፋብሽ፣ «አሁኑኑ ተነሺ» የሚል ድምፅ በጆሮሽ የሚያስጨንቅሽ፣ ምግብ የሚያስጠላሽ ከሆነም ከገዳሙ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ አስተዋይ አባቶችም ይህንኑ ነው የሚመክሩሽ።

ሴት የት ትገባለች ላልሽው፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ብቻ ነው፤ ሴት ከቅጥሩ አትገባም። ሌሎች ገዳማት ለመነኮሳትና ለመነኮሳይያት የተለያየ ሰፈር አላቸው፤ የሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ። ከወሎ ውጪ ሰበታ ያለው ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል በእመምኔት (በሴት የገዳም አለቃ) የሚመራ የሴቶች ገዳም ነው። የትም ሂጂ የት፣ «ገዳሙ የአንድነት ነው ወይስ የቁሪት?» ብለሽ ጠይቂ። በአንድነት ገዳም የግል የሚባል ነገር የለም፤ ሥራውም ማዕዱም በጋራ ነው፤ ከቤት የተላከልሽ ስኳር እንኳ ለማኅበሩ ይገባል። በቁሪት ገዳም እያንዳንዷ በየበዓቷ (በየጎጆዋ)፣ በየራሷ ድርጎና ሥራ ትተዳደራለች፤ ጸሎቱ በጋራ ነው። ለወጣት ጀማሪ አንድነቱ ይሻላል ባይ ነን፤ በቁሪት ብቻሽን ስትታመሚም፣ ብቻሽን ስትሳሳቺም ቶሎ የሚያይሽ የለም። በየሰፈራችን የምናያቸው፣ ልጅ ድረው ቆብ ደፍተው ከቤታቸው ወይም ከአጥቢያው ደጅ የሚኖሩት እማሆዮች መንገድ የተከበረ ነው፤ ለ24 ዓመት ልጅ ግን አይደለም። ቆብ ደፍቶ ደሴና ኮምቦልቻ መዞር ለፈተና መጋለጥ ነው።

ወረቀቱን በዚህ ቅደም ተከተል ብትይዢው አትቸገሪም። መጀመሪያ ነፍስ አባትሽ ይስማሙ። ከዚያ ለእናትሽ ንገሪ፤ ከመልቀቂያ ደብዳቤሽ በፊት፣ በፊቷ ተቀምጠሽ፣ ከተቻለ ነፍስ አባትሽ ባሉበት። ታለቅስ ይሆናል፤ አልቅሳ ያልመረቀች እናት አሁን ባይሆን ከርማ ትመርቃለች፣ ተደብቀሽ ከሄድሽ ግን ፍለጋ ትወጣለች። ቀጥሎ ከአጥቢያሽ ሰበካ ጉባኤና ከወረዳው ቤተ ክህነት የመሸኛ ደብዳቤ አጽፊ፤ ክርስትና ስምሽ፣ ያላገባሽ መሆኑና ከክስ ነጻ መሆንሽ ይካተትበት። መታወቂያሽን ያዢ። የጤና ምርመራ አድርጊ፤ ስኳር፣ የጨጓራ ሕመም ወይም የማያቋርጥ መድኃኒት ካለብሽ ለእመምኔቷ በግልጽ ንገሪ፤ ደብቀው ገብተው በዐቢይ ጾም የወደቁ ብዙ ናቸው። ዕቁብሽን ጨርሺ፤ ዕጣ ወጥቶልሽ ከሆነ ያልተከፈለው በሌሎች ጫንቃ ነው የሚቀረው። ለማንም ዋስ ሆነሽ ፈርመሽ ከሆነ ዋስትናው ይውረድ። ለድርጅቱ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጪ፤ ሒሳብሽን አስረክቢ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ተቀበይና ለእናትሽ አስቀምጪ። ብትመለሺ ያስፈልግሻል፤ ሊመለሱ ይችላሉ ብሎ ማሰብ እምነት ማጣት አይደለም፤ አመክሮ (ከምንኩስና በፊት ያለው የመፈተኛ ጊዜ) የተሠራው ለዚሁ ነውና።

የመጨረሻ ማሳሰቢያ። ገዳም ለመግባት ክፍያ የለም። «ንብረትሽን በስሜ አዙሪ»፣ «ከእኔ ጋር ብቻሽን በዋሻ ሱባኤ ያዢ»፣ «ለነፍስ አባትሽ አትንገሪ» የሚልሽ ሰው፣ ጠጉሩ ቢረዝምና ሰንሰለት ቢታጠቅ እንኳ፣ ባሕታዊ አይደለም። ከዚያው ተመለሺ።

ከመርሳ

*«20 ዓመቴ ነው። ነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አንድ የአንድነት ገዳም እሄዳለሁ። አመክሮ ምን ይመስላል? ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በምንድን ነው?»*

ወንድማችን፣ የምትገባው መነኩሴ ልትሆን ሳይሆን ረድእ ልትሆን ነው። ረድእ ረዳት ማለት ነው፤ ቃሉን እንዳለ ያዘው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 10 ስለ መነኮሳት ሲደነግግ መነኩሴ መሆን የሚሻ 3 ዓመት እንዲፈተን ያዝዛል። በአንዳንድ ገዳማት እንደ ሰውዬው ያጥራል፤ በአንዳንዱ ከዚያም ይረዝማል። «መቼ ነው የምመነኩሰው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ጥያቄው ራሱ ያዘገይሃል።

ቀንህ የሚቆጠረው በሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነው፤ ነግህ ጎሕ ሲቀድ፣ ሠለስት በ3 ሰዓት፣ ቀትር በ6፣ ተሰዓት በ9፣ ሠርክ ማታ በ11፣ ንዋም በመኝታ፣ መንፈቀ ሌሊት በሌሊቱ 6 ሰዓት። በመካከላቸው ሥራ ነው፤ ውኃ፣ ማገዶ፣ ወፍጮ፣ እርሻ፣ ከብት፣ የታመሙ አረጋውያንን ማጠብ። በጾም ቀን ከ9 ሰዓት በፊት ማዕድ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ቤትህ ሆነህ ሰውነትህን አለማምድ። ለሦስት ወር ያህል በሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣ። የዕለቱን ዳዊት ድገም፤ ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ግእዙን አስተካክለህ ማንበብ ካልቻልክ የአጥቢያህን ዲያቆን ወይም መሪጌታ ጠይቅና ውርድ ንባብ ተማር፤ ገዳሙ ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥርህ ጊዜ ያለው ሰው ላታገኝ ትችላለህ።

ሰው የሚሰናከልበት ብዙ ነው፤ እንደ ብዛቱ እንናገር። አንደኛው በራስ ፈቃድ መጾም ነው። ጀማሪ ረድእ በሁለተኛው ወር «እነ አባ እገሌ ሁለት ቀን ያከፍላሉ» ብሎ ተደብቆ ማክፈል (እህል ሳይቀምስ መዋልና ማደር) ይጀምራል። በሦስተኛው ሳምንት ወፍጮው ላይ ይወድቃል፤ ሥራው በሌላው ወንድም ላይ ይደረባል፤ እርሱም ትዕቢት ገብቶበት ሰውን መናቅ ይጀምራል። በአባት ፈቃድ የተበላ ቁራሽ ካለፈቃድ ከተጾመ ሁለት ቀን ይበልጣል። ለዚህ ነው አበምኔቱ (የገዳሙ አለቃ) አንዳንድ ጊዜ ጠርተው «ተቀምጠህ ብላ» የሚሉት፤ ፈተናው እንደ ጾሙ ሁሉ እዚያም አለ።

ሁለተኛው ሐኬት ነው። መነኮሳት ይህን ስም ያወጡለት በምክንያት ነው። ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ቀትር ላይ የሚመጣ ልብን የሚያደነዝዝ መሰልቸት ነው። ጸሎቱ እንጨት እንጨት ይላል፤ ሌላ ገዳም የተሻለ ይመስልሃል፤ የእናትህ ሽሮ ይሸትሃል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር፣ አዲስነቱ ካለቀ በኋላ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ለአባትህ መናገር፣ የያዝከውን ሥራ መጨረስ፣ በዚያ ሰሞን ምንም ውሳኔ አለመወሰን። «እሄዳለሁ» ካልክም ሐኬቱ ካለፈ ከ40 ቀን በኋላ ሂድ።

ሦስተኛው መነኮሳትን መላእክት ናቸው ብሎ መጠበቅ ነው። ሰዎች ናቸው። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ሰው ያማል፣ አንዱ ማዕድ ላይ ይስገበገባል። ይህን አይቶ «ቅድስና የለም» ብሎ የሚወጣ ረድእ ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ስልክ ነው፤ በድብቅ የገባች አንዲት ስልክ የአንድ ጎጆ ረድኦችን ሁሉ ታፈርሳለች።

ይዘኸው የምትሄደው አንድ ጋቢ፣ ሁለት ቅያሪ፣ ጠንካራ ጫማ፣ ዳዊት፣ የመሸኛ ደብዳቤና መታወቂያ ነው። መሬትህን ወይም ድርሻህን ለገዳሙ ልሰጥ ብለህ አትሂድ፤ አመክሮህ እስኪያልቅ ባለበት ይቆይ። የሰጠ ሰው መውጣት ሲገባው ያፍራል፤ አፍሮ የቀረ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ስትደርስ አባቶችን «ይፍቱኝ» ብለህ ሰላም በል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል። ከዚያ ዝም ብለህ የሚታዘዘውን ጠብቅ።

የምትመነኩስበት ቀን ሲደርስ የሚሆነውን ደግሞ አስቀድመህ ዕወቅ። ድንግልናን፣ ድህነትንና ታዛዥነትን ቃል ትገባለህ፤ ለሞተ ሰው የሚደገመው ጸሎተ ፍትሐት በሕይወት ሳለህ ይደገምልሃል፤ ከዓለም ሞተሃልና። ቀሚስ፣ ቅናት (መታጠቂያ)፣ ቆብ እንደየሥርዓቱ ይሰጥሃል፤ አስኬማ (የፍጹም ምንኩስና ልብስ) የሚመጣው ከብዙ ተጋድሎ በኋላ ነው። እስከዚያ ሲነበብ የምትሰማቸው ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ቸኩለህ ብቻህን አታንብባቸው፤ ለበሰለ የተጻፈውን ጀማሪ ሲያነብበው ልቡን ያስታብየዋል። የወሎ ልጅ ነህና የሐይቁን አባ ኢየሱስ ሞዓን አስብ። በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ማኅበሩን ያደራጁት እርሳቸው ራሳቸው በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ረድእ ሆነው ያደጉ ናቸው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በተራቸው ሐይቅ መጥተው በእርሳቸው ሥር አገለገሉ።

ከወገል ጤና

*«ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ዓለም ሰልችቶኛል። ቤቱን ለሚስቴ ትቼ መመነን እችላለሁ?»*

አይችሉም፤ በዚህ መንገድ አይችሉም። ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ቢለያዩ በስምምነትና ለጊዜው እንዲሆን ያዝዛል። አስተዋይ አበምኔት የሚስትዎን ፈቃድ ሳያረጋግጥ አይቀበልዎትም። በሕግም ቢሆን ምንኩስና በራሱ ፍቺ አይደለም፤ ጋብቻው ጸንቶ ይቆያል፣ ልጆችዎም 18 ዓመት እስኪሞላቸው ቀለብ የእርስዎ ዕዳ ነው። ዓለም ሰልችቶኛል ያሉት ነገር ደግሞ ብቻውን ጥሪ አይባልም። ነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ከባለቤትዎ ጋር በሕግ የተወሰነ ጾምና ጸሎት ይያዙ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በፍልሰታ ሱባኤ ይግቡ። ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ ሁለታችሁም ከፈለጋችሁ በሩ ክፍት ነው፤ በወሎ ባልና ሚስት ተስማምተው፣ ልጅ ድረው፣ እርሱ «አባ» እርሷ «እማሆይ» የሆኑ ጥቂት አይደሉም።

ከወልድያ

*«ልጄ 17 ዓመቱ ነው። የ11ኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ 'ገዳም ሄጃለሁ፣ አትፈልጉኝ' የሚል ወረቀት ትቶ ጠፋ። አባቱ ፖሊስ ይዞ ሊሄድ ነው። ምን ላድርግ?»*

እናታችን፣ ጭንቀትዎ ይገባናል። ልጅዎ ገና 18 አልሞላውም፤ በሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ስለሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሆኖም ፖሊሱን አሁኑኑ አያስቀድሙ። የት እንዳለ ካላወቁ፣ ወይም አንድ ግለሰብ ወስዶት ከሆነ፣ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ለፖሊስ ያመልክቱ። በታወቀ ገዳም ካለ ግን በፖሊስ የመጣ ልጅ በሁለተኛው ወር ተመልሶ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ወረቀትም አይተውም።

መጀመሪያ ነፍስ አባቱን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹንና መሪጌታውን ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ለአንዱ ሳይናገር አይሄድም። ቦታው ሲታወቅ አባቱና አንድ ካህን አብረዎት ይሂዱ፤ ገዳሙ ሴት የማያስገባ ከሆነ እርስዎ ከውጪው ደጅ ይቆያሉ፣ ልጁን ያወጡልዎታል። ለገዳሙ አለቃ ዕድሜውን፣ ካለወላጅ ፈቃድ መምጣቱንና ሕመም ካለበት ያንን ይንገሩ። አብዛኞቹ አባቶች ይህን ሲሰሙ ራሳቸው «ሂድ፣ ትምህርትህን ጨርስ» ይሉታል። ልጁን ሲያገኙት አይጩኹበት። አቅፈው ይሳሙትና አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ምን አገኘህ?» መልሱን እስከ መጨረሻው ያድምጡ።

ከዚያ መካከለኛ መንገድ ያቅርቡለት። 12ኛን ይጨርስና ያን ጊዜ ፈቃድዎን እንደሚሰጡት በካህኑ ፊት ቃል ይግቡለት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። ወይም ልቡ ወደ መጽሐፍ ከሆነ በክረምት ቅኔ ቤት ይግባ። ከወልድያ ብዙም የማይርቀው ዋድላ በቅኔ መንገዱ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በአገር የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪነት ስእለት የለበትም፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ የሚበላ ልጅ ትሕትናንም ረኃብንም ያውቃል፤ ጥሪው እውነት ከሆነ ይጠነክራል፣ የጉርምስና ግለት ከሆነም በሰላም ይበርዳል። በየሳምንቱ ሄደው ሥጋ ወጥ አይላኩለት ብቻ።

ከባቲ

*«እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የእናቴ ወንድም ግን ክርስቲያን ነው፣ መነኩሴ ሆኗል። ሕይወቱን ሳይ እቀናለሁ። 19 ዓመቴ ነው። እኛ ዘንድስ ዱንያን ትቶ ለአላህ ብቻ የመኖር መንገድ አለ?»*

ወንድማችን፣ በእስልምና ትዳርን ለዘለዓለም መተው የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም፤ የሸሆቹም ቤት ሚስትና ልጅ፣ እርሻና ከብት ያለበት ቤት ነው። ነገር ግን አንተ የምትፈልገው ነገር በወሎ ሥሩ የጠለቀ ነው፤ ደረሳነት (ከሸኽ ዘንድ ተቀምጦ ሃይማኖት መማር) ይባላል። ጃማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ሾንኬና ዳና በዒልምና በዒባዳ (በትምህርትና በአምልኮ) የታወቁት ደረሳ ከሩቅ አገር እየመጣ ከሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ ስለቀራባቸው (ስለተማረባቸው) ነው። የቃዲሪያ ጦሪቃም (የሱፊዎች መንገድ) ከነመንዙማው፣ ከነዚክሩና ከነሐድራው በእነዚህ ማዕከላት ነው ያደገው።

መንገዱ የሚጀምረው ከእናትና ከአባት ነው። አንድ ሰው ለዘመቻ ለመውጣት ፈቃድ ቢጠይቃቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቀው፣ እነርሱን በማገልገል እንዲታገል መልሰውታል። ወላጅ አልቅሶ የቀረበት ዒልም በረካው ይጎድላል። ሲፈቅዱልህ ቁርኣንህን አጣራ፤ ተጅዊድህ (የቁርኣን አነባበብህ) ከተበላሸ እዚያም የሚያስጀምሩህ ከዚያው ነው። ከዚያ ምን መቅራት እንደምትፈልግ ወስን። ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ከሆነ በሻፊዒዩ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ከሰፊናና ከአቡ ሹጃዕ ኪታቦች ይጀመራል፤ ወሎ ውስጥ ሐነፊም ስላለ የሸኹን መዝሀብ አስቀድመህ ጠይቅ። ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ከሆነ ከአጅሩሚያ ኪታብ ተነሥቶ በሙልሓና በቀጥር አድርጎ ወደ አልፊያ ይወጣል። ሁሉንም የሚያቀራ ሸኽ ጥቂት ነው፤ አንዱን ኪታብ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው መቅራት የደረሳ ወግ ነው። ግን አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላ አትዝለል፤ አምስት ኪታብ ጀምሮ አንድ ያልጨረሰ ደረሳ የትም ብዙ ነው።

ስትሄድ የአካባቢህ ኢማም ወይም ሸኹ የሚያውቁት ሰው ይዞህ ይሂድ። ለሸኹ ኺድማ (አገልግሎት) ማድረግ፣ ማገዶ መልቀም፣ በአዝመራ ጊዜ ማጨድ ይጠበቅብሃል፤ ምግቡ ከሸኹ ቤትና ከመንደሩ ሰው ነው። ኸልዋ (ለዒባዳ ብቻን መለየት) ልግባ፣ ይህን ያህል ሺህ ዚክር ልበል ብለህ በራስህ አትነሣ፤ ወዚፋህን (የዘወትር ዚክርህን) ሸኹ ይስጡህ፣ መጠኑን እርሳቸው ያውቃሉ። ቅድም ለመርሳው ወንድማችን ስለ ራስ ፈቃድ ጾም የተናገርነው ለአንተም ነው። አጎትህንም ዘይረው፤ ስለ ትዕግሥት የሚነግርህ ይጠቅምሃል።

ከደሴ

*«ገዳም ገብቼ 14 ወር በረድእነት ቆይቼ ተመለስኩ። ጎረቤት 'ቆቡን ጥሎ መጣ' ይለኛል። ኃጢአት ሠርቻለሁ?»*

ወንድማችን፣ ያልደፋኸውን ቆብ አልጣልክም። አመክሮ ማለት መፈተኛ ነው፤ ተፈትኖ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት የአመክሮ አንዱ ፍሬ ነው። ቃል ኪዳን ገብቶ ቆብ ከደፋ በኋላ የወጣ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እርሱ ንስሐ አባቱ ዘንድ ቀርቦ ቀኖና ይቀበላል። አንተ ግን የወጣኸው አበምኔቱን ተሰናብተህ፣ ተመርቀህ ከሆነ ንጹሕ ነህ። ሳትሰናበት ሌሊት ወጥተህ ከሆነ አንድ ቀን ተመልሰህ ሂድና «ይፍቱኝ» በል፤ የሚቆጣህ አይኖርም፣ የአንተም ልብ ያርፋል። የወሰድከውን የመሸኛ ደብዳቤ ለአጥቢያህ ሰበካ ጉባኤ መልስና ስምህን እንደገና አስመዝግብ፤ ዕድርህም ወጥተህ ከሆነ ግባ። 14 ወር የለመድከውን የሌሊት ጸሎት ግን አትተወው፤ እሑድ ጠዋት አጥቢያህ ኪዳን ሲደርስ ተነሥቶ የሚቆም ወጣት ጥቂት ነውና ካህናቱ ይፈልጉሃል።